የአያ ክንዱ ሳይክል ጥርስ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሳይክል ጥገና እጅጉን የሚያህል አለ የሚል ካለ፣ ይምጣና ይከራከር። ካቴና ሲዞር ከሰማ፣ ሳያይ ምኑ እንደታመመ ይነግርሃል። ሚስቱ ዓባይነሽ ግን «ጫማውን የት እንዳወለቀ እኔን ነው የሚጠይቀው» ትላለች። እሱን ተወው።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ እንዳለ፣ አያ ክንዱ ሳይክል እየገፉ የእጅጉ በር ላይ ደረሱ። ልጃቸው መታሰቢያ ፊቷን አጥቁራ ከኋላ ትከተላለች። ገጠር አስተማሪ ናት፤ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ሁለት ሰዓት ትመለሳለች። ሳይክሉን ከመራዊ የገዙላት አባቷ ናቸው።

«እጅጉ፣ አዲስ ነው ብለው አሮጌ ሸጡልኝ። ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ፤ ምስክር ሁነኝ» አሉ።

«ምኑን አይተው ነው አያ ክንዱ?»

«ጥርሱን ነዋ!» ካቴናው የሚዞርበትን የፊቱን ጥርስ በከዘራቸው ነኩት። «እየው፣ ይኸ አጭር፣ ይኸም አጭር። ተበልቶ አልቋል። ሠላሳ ዓመት በቅሎ ሳገላብጥ ለኖርኩት ጥርስ ልታስተምረኝ ነው?»

በበቅሎስ አይታሙም። አንዴ ቡሬ ገበያ የአንዷን ከንፈር ገልጠው «ይቺማ አያቴን ታውቃለች» ብለው ሰው አስቀዋል። በቅሎዋም አውራ ጣታቸውን ነክሳለች። ጠባሳው ዛሬም አለ።

«አባየ፣ ከመለሱት ሌላ የላቸውም። ክረምቱን ሙሉ በእግሬ ልሄድ ነው» አለች መታሰቢያ።

እጅጉ አንገቱን ደፋ። ልጅቷን ማዳን ይችላል፤ ግን ለሚስቱም ያልነገረውን ማውጣት አለበት። ደጁ ደግሞ በሰው ተሞልቷል። ገብቶ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር እንደዚያው ያለ ክብ የካቴና ጥርስ አወጣ።

«ይኸ ከአንድ ደንበኛየ፣ ከወንዳወቅ ሳይክል የወጣ ነው» አለ። «መጀመሪያ ያየሁት ባለ ማርሽ ሳይክል ነው። እኔም እንደ እርስዎ ተበልቷል ብየ ሌሎቹን ጥርሶች በሞረድ ከአጭሮቹ ጋር እኩል አደረግኋቸው። ካቴናው አልይዝ ብሎ ወንዳወቅ ቦይ ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

ከውጭ «ለዚህ ነው ሳጥኑን የማታስነካኝ!» አለች ዓባይነሽ። ደጁ በሳቅ ፈረሰ።

እጅጉ አያ ክንዱን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ አሮጌ ሳይክል ፊት አቆማቸው። «ያለቀ ይኸ ነው። ካቴናው ሲጎትተው ጥርሱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንደ ማጭድ ጎብጧል። የእርስዎ አጭር ጥርስ ግን ግራ ቀኙ እኩል ነው፤ ጫፉ ላይ ቀለሙም አለ። በትይዩው ይዩ፣ እዚያም እንዲሁ አጭር። ማርሽ ሲቀየር ካቴናው እንዲሻገር ሲሠሩት ነው ያሳጠሩት። አያምኑኝም? ካቴናውን ከፊት በኩል ይሳቡት።»

አያ ክንዱ የአሮጌውን ሳቡት፤ ካቴናው ከጥርሱ ተላቆ ብርሃን ገባበት። የራሳቸውን ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። የተነከሰው አውራ ጣታቸው ብቻ በግራሶ ጠቆረ።

ከዚያ ኮርቻውን ቸብ ቸብ አደረጉና «ውጪባት» አሏት ልጃቸውን።

መታሰቢያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሳይክሉ ላይ ወጣች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አያ ክንዱ ከዘራቸውን አንስተው ከኋላዋ ጮኹ፦

«ቀስ በይ! ገና አልተገራችም!»