የአማከለች ሁለት ድስት

የፎገራ ቁሐር ሚካኤሏን አማከለችን ክፉ ነበረች የሚል ቢመጣ አገሩ ሁሉ ይጣላዋል። ባሏ ከሞተባት በኋላ እንኳ የታመመ ስትጠይቅ፣ ለቀስተኛ ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ይህን የምነግራችሁን ያደረገችውም እሷው ናት።

በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የርብ ወንዝ ሞልቶ ጤፉን ጠራርጎ ወሰደው። ውኃው ሲሸሽ በረግረጉ ላይ ደህና ሆኖ የበቀለው ጓያ ነበር። ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚሰብር ፎገራ ውስጥ የማያውቅ የለም። የማያውቀው ከደጋ ወርዶ የተቀጠረላት አራሽ፣ ደሳለው፣ ነበር።

በጎተራ የቀረው ሽንብራ እየመነመነ ሲሄድ፣ ከግንቦት ጀምሮ አማከለች ሁለት ድስት ትጥድ ጀመር። በትንሹ የሽንብራ ሽሮ ለሁለት ትንንሽ ልጆቿ፣ በትልቁ የጓያ ለደሳለው። ልጆቹን የጓያው እንፋሎት እንኳ እንዳይነካቸው «ወዲያ በሉ!» እያለች ታባርራለች። ደሳለው በልቶ ሲነሣ «እሜቴ፣ እጅዎ ይባረክ» ይላታል። ቀና ብላ አታየውም ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ባቱን እያሸ ከእርሻ ገባ።

«እሜቴ፣ ባቴን ቀስፎ ይይዘኛል። ብርዱ ይሆን?»

ገባት። ያኔ ጓያውን ቢተው እንደሚተርፍም ታውቃለች። «ጭቃው ነው፤ ይለቅሃል» አለችና ከትልቁ ድስት ጨለፈችለት። ነገ እቀይርለታለሁ ብላ ነበር። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለከነገ ወዲያ ታስተላልፋለች። ሰው እንዲህ ነን። የሰው እግር በዱላ ስበር ብትሉት የሚጮኸው ሁሉ፣ በጭልፋ በጭልፋ ሲሆን እጁ አይንቀጠቀጥም።

ለመስቀል ደሳለው በሁለት ምርኩዝ ቆመ። አማከለች አላባረረችውም፤ ከቤቷ አኑራ አበላችው፣ ልብሱን አጠበችለት። ጎረቤቱ «የጽድቅ ሥራ ነው» እያለ ሲያመሰግናት ሳታዳምጥ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ዓመታት አለፉ። አንድ ጧት ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ተቀመጠችና አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ደሳለው ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ሽንብራው ለልጆችዎ ነበር፤ በእሱስ አልቀየምም» አለ። «ግን ባቴን ሲይዘኝ ምነው ዝም አሉኝ? ሌላ ቤት ተቀጥሬ እበላ ነበር እኮ።»

አማከለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ማን ያርስልኝ ነበር?» አለችው።