የአሥራ አራት ቁጥር ካምቢዮ

አልቪን ቲደማን ከጦርነቱ በፊት ሴለ ከተማ ውስጥ የእርሻ ትራክተር ይጠግን ነበር። ትራክተር ይወዳል፤ ከተበላሸ ይቆማል፣ ከተጠገነ ይሄዳል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። በጦርነቱ አምስተኛ ዓመት ጸደይ ግን በሉነቡርግ ሜዳ የማሠልጠኛ ሠፈር የጋራዥ ሃምሳ አለቃ ሆኖ በንዴት ጨጓራው ይላጥ ነበር። እዚያ የሚቋቋመው ብረት ለበስ ክፍለ ጦር በወረቀት ላይ ሲታይ አንድም ነገር አይጎድለውም። ሜዳው ላይ ያለው ግን ጉድ ነው፦ ከፈረንሳይ የተማረከ ካሚዮን፣ ከጣልያን የተቀማ ካሚዮን፣ የአንዱ ብሎን ለሌላው የማይሆን። ቤንዚን ስለሌለ ሾፌሮቹ የሚሠለጥኑት በእንጨት ጭስ በሚነዳ አሮጌ ታንክ ነው።

መለዋወጫማ አይነሳ። ስለዚህ አንዱን ታንክ ገፎ ሌሎቹን ማስነሳት የጋራዡ ወግ ሆነ። የሚገፈፈውን የሚመርጠው አልቪን ነው፤ እሱም አሥራ አራት ቁጥርን መረጠ።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። የአሥራ አራት ቁጥር ሾፌር ኤግበርት የልጁ የጌዚና ባል ነው። ጌዚና ለክረምቱ ትወልዳለች። ታንክ የሌለው ሾፌር ደግሞ ሌላ እስኪመጣለት ሠፈር ይቀራል፣ ሌላ ታንክ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ኤግበርት ግን ተንገብግቧል።

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊወስዱብኝ ነው?»

«ካምቢዮውን። ለሰባት ቁጥር።»

«ትናንት ባትሪ፣ ከትናንት ወዲያ ሬዲዮ! ነገ እኔንም ፈተው ለሰባት ቁጥር ይስጡኛ!»

«አፍህን ዝጋና ያንን ቁልፍ አቀብለኝ።»

«ሰዉ ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? የብረት ድስት ሾፌር!»

አልቪን ሳቁ መጣ፤ ዋጠው። ሲሰድበው ቢውል ግድ የለውም፣ ብቻ ከጦር ግንባር ይቅር።

በሳምንቱ ጄኔራል ለጉብኝት ይመጣል ተባለ። ሻምበል ድሮስተ አሥራ አራት ቁጥርም ቀለም ተቀብቶ ከሰልፉ እንዲገባ አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ውስጡ እኮ ባዶ ነው» አለ አልቪን።

«ጄኔራሉ ውስጡ አይገቡም። ዝርዝሩ አሥራ ሰባት ታንክ ይላል፣ አሥራ ሰባት ይቆማል።»

አልቪን እየተራገመ ቀለሙን ቀባ፤ በጭነት መኪና አስጎትቶ አቆመው። ጄኔራሉ ከመኪናቸው ሳይወርዱ በሰልፉ ፊት አለፉ፣ ግሩም ነው አሉ፣ የድንች ሾርባ ጠጥተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ መጣ፦ ክፍለ ጦሩ ስለተሟላ ነገ ጠዋት በባቡር ወደ ምሥራቅ ግንባር።

አልቪን ያን ሁሉ ለጉብኝት ብቻ መስሎት ነበር። ጠዋት ባቡር ጣቢያው ሲደርስ አሥራ አራት ቁጥርን በገመድ እየጎተቱ ፉርጎ ላይ ሲያወጡት አየ። እየሮጠ ወደ ሻምበሉ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ታንክ አንድ ክንድ አይንቀሳቀስም! ምን ሊሠራላችሁ ነው?»

«መድፉ ይተኩሳል?»

መድፉን አልነካውም ነበር። መድፍ የሌላ ክፍል ሥራ ነው፤ አልቪን ደግሞ በሰው ሥራ አይገባም።

«ይተኩሳል» አለ።

«ታዲያ ምን ጎደለው? እዚያ ጉድጓድ ቆፍረን እስከ አንገቱ እንቀብረዋለን። ሁነኛ ምሽግ ይወጣዋል።»

«ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉስ?»

«እሱ ይሸፍናቸዋላ።» ሻምበሉ ተገርሞ አየው። «አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ እንዳይሄድ ያደረግከው?»

አልቪን ወደ ሰባት ቁጥር ዞረ። ፊተኛው ፉርጎ ላይ በሰንሰለት ታስሯል፤ ካምቢዮውን ለማውጣት ደግሞ ሁለት ቀን ይፈጃል። ባቡሩ ጮኸ።

ኤግበርት ታንኩ ላይ ቆሞ ፊቱ በርቷል። ቀረ ብለው ሲያሾፉበት የከረሙት ሁሉ አብረውት ናቸው።

«አባባ! አስቀሩኝ ብዬ ስንት ቀን አማሁዎት፣ ይቅር ይበሉኝ! ካምቢዮው ሲገኝ ግን ራስዎ ነዎት የሚገጥሙልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ!»

«እሺ» አለ አልቪን። ባቡሩ እየራቀ ሲሄድም ማንም ሳይሰማው ደጋግሞ እሺ ይል ነበር።