ዳገት የማይወደው ሞተር

መቀመጥ አይሆንልኝም። ሻይ እንኳን የምጠጣው ቆሜ ነው፤ አንድ እግሬ ቤት፣ ሌላው ደጅ። እናቴ «አንተን የወለድኩህ መንገድ ላይ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ስለዚህ ዕቃ አድራሽ ሆኜ ሞተር ሳይክል ላይ መዋል ስጀምር በቤታችን ማንም አልገረመውም። ማንም ስል እኔና እሷ ብቻ ነን። የምንኖረው ከአዲሱ ገበያ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ጠዋት ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከዕቃ ወደ ዕቃ ስሮጥ እውልና ሲመሽ ያንኑ ዳገት መልሼ እወጣለሁ።

ሞተሩን እንደገዛሁት አልተውኩትም። እኔ የነካሁትን ነገር መተው አላውቅም። መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ አስቆርጬ አጭርና ጯሂ አስገጠምኩበት፤ የሰፈሩ ሰው ስንት ጊዜ እንደረገመኝ እግዜር ይወቅ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቄ ክፍት ፊልትሮ ሰካሁበት። ይህም አልበቃኝ ብሎ ከትልቅ ሞተር ላይ የተፈታ ካርቡሬተር አስገጠምኩበት። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ተመጥነው የሚቀላቀሉበት ነው፤ የሞተሩ ጉሮሮ በሉት። ጉሮሮው ሲሰፋ ሞተሩ በረረ። እኔም አብሬው በረርኩ።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር ጎረምሳ ሞተር ላይ እንዳለ መኪና ገጭቶት ሞተ። እናቴ ለቅሶው ቤት ሰንብታ ስትመለስ ስለ ልጁ አንድም ነገር አላወራችም። ብቻ ከዚያ ወዲህ፣ ጠዋት ልወጣ ስል፣ ከላይ ከተራራው ያስመጣችውን ጠበል በኩባያ ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ጀመር።

«በባዶ ሆድህ ጠጣው።»

«ማታ እጠጣዋለሁ እማዬ።»

«ጠበል ማታ አይጠጣም።»

«በቃ ነገ።»

ነገም ያው ነው። ስልኬ ይጮሃል፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ እኔ የራስ ቁሬን እያጠለቅኩ በጎኗ ሾልኬ አልፋለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ትላለች ከኋላዬ። ድምጿን ማርሚታዬ ይውጠዋል።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ታመመ። በሽታው ደግሞ ሰው የሚያሳብድ ዓይነት ነበር። ቁልቁለት ላይ ደህና ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ዳገት ላይ ግን፣ ልክ ነዳጅ ጨምሬ ስሰጠው፣ ትን እንዳለው ሰው ይንተፋተፍና ድርግም ይላል። ጥቂት ቆይቼ ስረግጠው ይነሣል፣ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ስንት ቀን ከአዲሱ ገበያ እስከ ቤቴ እየገፋሁት ወጣሁ! ማርሚታዬን የጠሉ ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመው «ዛሬስ ዝም ብሏል፣ ተመስገን» ይሉኝ ነበር።

አዲሱ ገበያ ጋራዥ ያለው አብሮ አደጌ ነው የሚያየው። እሱ ገና ሳልናገር ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። «ወንድሜ፣ የትልቅ ሰው ጉሮሮ ለልጅ ሰክተህ ልጁ ለምን ታነቀ ትላለህ?» አለኝ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ አሳየኝ፤ ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ይኸው፣ ቤንዚን በዝቶበታል። እዚህ እኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡሬተርህ ደግሞ ለቆላ ነው የተለካው።» ነገሩ አሳማኝ ነበር። ካርቡሬተሩን አወረደ፣ ሥሩ የተጠራቀመውን ቤንዚን መሬት ላይ ደፋ፣ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን ፈትቶ በጠባብ ቀየራት።

ሞተሩ ዳነ። ጮቤ ረገጥኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ዳገት ላይ ድርግም አለ።

ከዚያ ወዲያ ጋራዡ ሁለተኛ ቤቴ ሆነ። ጠባቧን ሲያስገባ ሞተሩ ቤንዚን እየጠማው ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል፤ ሰፊዋን ሲመልስ ካንዴላው ይጠቁራል። የአየሩን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያላላል፣ ሩብ ዙር ያጠብቃል። በፈታው ቁጥር፣ ሥሩ ያለውን ቤንዚን መሬት ላይ በደፋው ቁጥር፣ ሞተሩ ለጥቂት ቀን ጤነኛ ይሆናል። እኔም መድፋቱ የሠራውን አላየሁም፤ የብሎኑ ሥራ መሰለኝ። ክረምቱ ጠና፣ የፍልሰታ ጾም ገባ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን መመላለስ አበዛች፣ ሞተሩም ባሰበት። በሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያችኑ የነሐስ ብሎን ነበር።

የምሠራበት ድርጅት ኃላፊ «አንድ ዕቃ ደግሞ ብታዘገይ መስመርህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብሎኛል። እሱን አምርሬ ብጠላውም እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ ጭኜ ዳገቱን ስወጣ፣ ዝናቡ ገና አባርቶ አስፋልቱ እንዳበራ፣ ሞተሩ መንገድ መሐል ጠፋ። ከኋላዬ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ነበር። ፍሬኑን ሲይዝ ጎማው ሲንሸራተት ሰማሁ። መዞር እንኳን አልቻልኩም። የቆመው የኋላ መብራቴን ሊነካ ሲል ነው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ እናቴን ሳይቀር ሰደበኝ። ሞተሩን ወደ ዳር ገፍቼ አቆምኩት። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ለእናቴ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጋራዥ ስደርስ አብሮ አደጌ እንደ ልማዱ ካርቡሬተሩን ሊደፋ ሲል እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ምናልባት ያንኑ ነገር ዳግመኛ ማየት ሰልችቶኝ ይሆናል። «እዚህ ውስጥ ድፋው» ብዬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀረብኩለት። ደፋው። ወደ ብርሃን አንሥተን አየነው። ከላይ ቢጫው ቤንዚን፣ ከሥሩ ደግሞ ለብቻው የተኛ ጥርት ያለ ውሃ።

ከዚያ የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮውን፣ አውርደን ገለበጥነው። እዚያም ውሃ ነበር፣ ያውም ብዙ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሜዳ ላይ ማንንም አይነካም፤ ሞተሩ ዳገት ሲያይና አፍንጫው ቀና ሲል ግን ወደ ኋላ፣ ወደ መውረጃው ይንሸራተትና ካርቡሬተሩ ውሃ ይጎነጫል። በሽታው ይኸው ነበር። ያ ሁሉ ብሎን በከንቱ ነው የተፈታው።

«ዝናብ ነው፤ ክዳኑ አይገጥምም» አለኝ አብሮ አደጌ። የሰልባትዮው ክዳን ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በእጅ ይከፈታል። አጥበን አደረቅነው፣ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ክዳኑን በፌስታል ሸፍኜ በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። የዚያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ነቃሁ። ደጅ ላይ ክዳን ሲከፈት ሰማሁና በመስኮት አየሁ። እናቴ ከኪዳን ተመልሳ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሞተሬ አጠገብ ቆማለች። ፌስታሉን ፈትታ በብብቷ ይዛዋለች። በአንድ እጇ ኩባያ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ ሰልባትዮው ውስጥ ቀስ አድርጋ አንቆረቆረችው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ፌስታሉን መልሳ አሰረችው፤ እኔ ካሰርኩት አሳምራ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። «እማዬ! ምንድን ነው የምታደርጊው?»

አልደነገጠችም። «ጠበል ነው።»

«ቤንዚን ውስጥ?»

«መጀመሪያ እረጨው ነበር። መረጨት ብቻ አይበቃም፤ ጠበል ይጠጣል። አንተ አልጠጣም አልክ። አንተ ካልጠጣህ የሚሸከምህ ይጠጣ ብዬ ነው።»

ሳቄ መጣ፣ ግን ንዴቴ ቀደመው። የገፋሁት ዳገት ሁሉ፣ ያጣሁት እንቅልፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ አፌ ላይ ደረሰ። «ዳገት ላይ የሚያጠፋው ይኸው ነዋ!» ብዬ ጮኽኩ። «ከትናንት በስቲያ መንገድ መሐል ጠፍቶብኝ መኪና ሊወጣብኝ ነበር! ልትገድዪኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እናቴ ኩባያውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ነካህ?»

«አልነካኝም።»

«እንግዲህ» አለችና ወደ ቤት ገባች። መልሷ የአማኝ መልስ ነበር፤ ስትገባ ግን ዞር ብላ ከራሴ እስከ እግሬ ቃኘችኝ። የተናገረችውን ራሷም እንዳላመነችው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰልባትዮውን ዳግመኛ አጠብን፣ ሞተሩም ለዘለቄታው ዳነ። ዳገቱን ሳያነክስ፣ ሳይንተፋተፍ ይወጣል። መስመሬን አልተነጠቅኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እናቴ በር ላይ መቆም ተወች። የጠበሉ ጀሪካን ከበሩ ጀርባ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ጠዋት ስወጣ ጓዳ ሆና «ደህና ዋል» ትለኛለች፣ ፊቷን አላይም። ቀኑን ሙሉ ሞተሩን አዳምጣለሁ፤ ምንም ሕመም የለበትም፤ እኔ ግን አንዳች ነገር እንደጎደለው ሰው እቅበጠበጣለሁ።

አንድ ጠዋት ሞተሩን ካስነሣሁ በኋላ አጠፋሁትና ተመልሼ ገባሁ።

«ጠበሉን ቅጂልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለራስህ ነው ለሞተርህ?»

«ለራሴ።»

ጨርቁን ገልጣ ቀዳችልኝ። በሩን ይዤ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ኩባያውን አልሰጠችኝም።

«ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ሰጠችኝ። ስጠጣ ጉሮሮዬን እያየች ነበር። ኪሴ ውስጥ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ጨርሼ ኩባያውን ስመልስላት አልተቀበለችኝም፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ትልቅ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መኪናው።»

ይህን ሁሉ ቀን ጓዳ ውስጥ ሆና የምታየው እሱን ኖሯል።

«ትንሽ ነው እማዬ» አልኳት። «የቤት መኪና ነው። ያውም ራቅ ብሎ ነው የቆመው።»

ራሷን ነቀነቀች። ስልኬ ዝም ብሎ ደግሞ ጮኸ። አልተነሣሁም።