እናቴ ከዋርካው ላይ የፈታችው መቀነት

ዛሬም ሆስፒታል ገብቼ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ እናቴ ከጎኔ የቆመች ይመስለኛል። እናቴ ጥሩወርቅ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ነበር፤ ማታ ስትገባ እጇም ነጠላዋም፣ ጠጉሯ ሳይቀር በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ግን ሽታው ግድ ሳይሰጠው ጉያዋ ገብቶ፣ የመቀነቷን ጫፍ በጣቱ ጠቅልሎ ይዞ ይተኛ ነበር። መቀነቷ ረዥምና ጥለታም ነው፤ ሁለታችንን ስትወልድ ወገቧን ያሰረችበት፣ አባታችን የሞተ ጊዜም ታጥቃ ያለቀሰችበት እሱ ነበር።

አባቴ የዛሪማ ገበሬ ነበር። መልካሙ ገና በእናቴ ሆድ ሳለ፣ ሙላው የሚባል ጎረቤታችን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ገደለው። ሙላው ጥቂት ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ እናቴ ደግሞ እኔን አዝላ፣ መልካሙን በሆዷ ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ጎንደር ተመልሳ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይታ አሳደገችን። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ግን አልተወንም። መልካሙ ሲወለድ «ስሙ ደመላሽ ይባል» ብሎ መጥቶ ነበር አሉ፤ እናቴም «ገና ጡት ያልጠገበ ልጅ ደም የምታሸክመው ምነው?» ብላ መለሰችው።

በጋ በመጣ ቁጥር፣ አውድማው ሲያልቅ፣ አያ ታከለ ማር ይዞ ይመጣና ማሩን ሳንቀምስ ስለ ባለዋርካው ይጀምር ነበር። ከዛሪማ ገበያ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ባሏ የተገደለባት ሴት መቀነቷን ፈትታ ከቅርንጫፉ ካሰረች የዛፉ መንፈስ፣ ባለዋርካው፣ ይነሳል፣ ከገዳዩ ቤት አንድ ነፍስ ይወስዳል ይባል ነበር። በነፃ ግን አይሠራም። ሲመለስ በመቀነቷ ባለቤት ደጅ አልፎ የመጨረሻ ልጇን ይወስዳል፤ አንዴ የታሰረውን መቀነት የፈታን ሰው ደግሞ ራሱ ባለዋርካው ይከተለዋል። በዚያ የሚያልፉ አውቶብሶች ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ያቆም፣ ሽማግሌዎቹም ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር።

አንድ ጊዜ እናቴ ዝም ብላ ካዳመጠችው በኋላ፣ «አያ ታከለ፣ አንተ ሰባት ልጅ አለህ፤ የሞተውም የእናትህ ልጅ ነው። ምነው የሚስትህን መቀነት አታስርለትም?» አለችው። አያ ታከለ ጉሮሮውን ጠረገና «ሕጉ ባሏ ለተገደለባት ነው» አለ። «ሸጋ ሕግ! ወንዶቹ ያወጡት መሆኑ ያስታውቃል» አለችውና ማሩን ወደ ጓዳ አስገባችው።

ክረምት ለእኛ የዕረፍት ጊዜ ነበር፤ አያ ታከለ እርሻ ላይ ስለሚሆን አይመጣም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ነጎድጓዱም ቤቱን ሲያናውጠው፣ መልካሙ «ባለዋርካው መጣ!» እያለ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባ ነበር። እናቴ ግን በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና ወደ ውጭ «እዚህ ቤት የሚሰጥ የለም፣ እለፍ!» ብላ ትጮኽ ነበር። ያን ጊዜ ሦስታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ግን አያማትቡም ነበር ብል ውሸት ነው።

መልካሙ አምስት ዓመት በሞላበት መስከረም አያ ታከለ ያለ ልማዱ ለስልሶ መጣ። «ልጁ መስቀልን ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ይዋል፣ የአባቱን አገር ይወቅ» አለ። እናቴ ብዙ አመነታች፤ በመጨረሻ አባት የሌለው ልጅ አገርም እንዳይጎድልበት ብላ ላከችው። በሄዱበት ቀን አጥባ ያሰጣችው መቀነት ከገመዱ ላይ ጠፋ። ሌባ ነው ብለን የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ጠረጠርን።

መልካሙ ጥቅምት ሲጠባ ተመለሰና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «እማዬ፣ አያ ታከለ መቀነትሽን ዛፍ ላይ ሰቀለው» አለ። እናቴ ቁጭ አለች። በዚያው ሰሞን የሙላው የበኩር ልጅ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ መሞቱን ሰማን። መልካሙ መንቀጥቀጥ የጀመረው ወሬው በደረሰን ማግስት ነው።

አያ ታከለ የመልካሙን መታመም ሰምቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ልጁ የተኛበት ሆስፒታል ድረስ መጣ። «በግ አርጄ ነበር እኮ! የልጁን ስም ለበጉ አውጥቼ፣ ምትክ ይሁን ብዬ ነው ያረድኩት» እያለ ያለቅስ ነበር። ለካ ባለዋርካውን በአንድ ጠቦት ያታለለ መስሎት ነበር! ሐኪሙ ወባ ነው አለ፣ ከቆላ ይዞት የመጣ ወባ፣ ጭንቅላቱንም የነካ። ዘመዶቻችን ግን አልጋው ዙሪያ ቆመው «ባለዋርካው የጠራውን ሐኪም አይመልሰውም» ይባባሉ ነበር። መልካሙ ሰማቸው። ትኩሳቱ በረድ ብሎ ነፍሱን ሲያውቅ እንኳ አፉን ገጥሞ ክኒኑን እምቢ አለ፤ «መቀነቱን ይዞታል፣ ሊወስደኝ ነው» ይል ነበር። ነርሷ ብትለምነው፣ እኔ ባለቅስ፣ እናቴ ብትቆጣው አልዋጥም አለ።

እናቴ ያን ጊዜ ተነሳች። «ለወባው መድኃኒት አለ፤ ለእናንተ ወሬ ደግሞ መድኃኒቱን እኔ አመጣለሁ» አለቻቸው። ወንድሜን ለእህቷ ለእትዬ ላቀች አደራ ብላ፣ የእኔን እጅ ይዛ፣ ጎህ ሲቀድ በወጣው አውቶብስ ተሳፈርን። ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን ስንወርድ፣ መኪናው የተገለበጠበትን ገደል ሰዎች በጣት ሲያሳዩ እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ዋርካው ሥር ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና ሰው ይተራመስ ነበር። ያረጁ፣ የነተቡ፣ ቀለማቸው የጠፋ መቀነቶች ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል፤ የእሷ ገና በቅርቡ የታሰረ ነበር፣ በረኪናው ያነጣው ጫፉ ከሩቅ ይታያል። ቀሚሷን ሰብስባ የድንጋይ ካቡ ላይ ወጣች። ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይከተልሻል!» ብለው ጮኹ። እሷም ቋጠሮውን በጥርሷ እየፈታች «ይከተለኛ! እስከ ጎንደር እግሩ ከቻለ ይምጣ» አለች። ከዚያም ሁሉም እያያት መቀነቱን እዚያው ወገቧ ላይ ጠምጥማ ታጠቀችው።

እኔ አሁን ወደ ቤታችን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ሙላው ቤት፣ ወደ ለቅሶው ሄደች። ድንኳን ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ አንዳንዱ ወንድ እጁን ወደ ዱላው ሰደደ። ሙላው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። በልጅነቴ ሁሉ የፈራሁት ሰው የሸመገለ፣ ዓይኑ ያበጠ አባት ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ፊቱ ቆመች።

«ሙላው፣ ባሌን ገድለሃል። ይቅር አላልኩህም፣ አልልህምም» አለች። «ልጅህን ግን እኔ አልጠየቅሁም። እኔ የሰው ልጅ አስበልቼ የራሴን የምገብር ሴት አይደለሁም። ይኸው መቀነቴ፣ ወገቤ ላይ ነው።»

ሙላው ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ሚስቱ ተነስታ በጣሳ ውኃ አመጣች፣ እናቴም ቆማ ጠጣችና ወጣን። አውቶብሱ ውስጥ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስታለቅስ ዋለች። ለመልካሙ ፈርታ መስሎኝ ነበር፤ «ያን ልጅ እኮ ጎረቤት ሳለን አዝዬዋለሁ» አለችኝ።

መልካሙ የመቀነቱን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ክኒኑን ዋጠ። ብዙ ሰነበተ፣ ግን ዳነ። ግራ ጆሮው ብቻ ከዚያ ወዲህ አይሰማም፤ አያ ታከለ እስኪሞት ድረስ «እሱ ድርሻውን ነው የወሰደው» ይል ነበር፣ እናቴ ደግሞ «ወባ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። የአባቴ ዘመዶች ደም ያረከሰች ብለው ሰርግም ለቅሶም አልጠሯትም። ይህ ያንገበግባት ነበር፣ አልዋሽም፤ መልካሙን ባየች ቁጥር ግን ቀና ትል ነበር። እሷ ያረፈች ጊዜ ከዛሪማ የመጣች ለቀስተኛ የሙላው ሚስት ብቻ ነበረች።

መቀነቱ አሁን እኔ ጋ ነው። መልካሙ የአንድ ሴት ልጅ አባትና የጭነት መኪና ሾፌር ሆኗል፣ መንገዱም በዚያው በዛሪማ ነው። ዋርካው ቅርንጫፉ ቢሳሳም አለ፤ ዛሬም አዳዲስ መቀነት ታስሮበት አይቻለሁ፣ ያን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያኔ ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። አሁን መልካሙ አጠገቡ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና፣ ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ዛፉ «አለሁ!» ብሎ ይጮኻል።

ልጁም ከኋላ ሆና ትደግመዋለች።