አራት አሜሪካውያን በጋሽ ቱፋ መስክ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጉለሌ

ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ጃንጥላ፣ ቦት ጫማና ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «አደራህን፣ አሜሪካኖቹ አጎቴን አታለው መሬታቸውን እንዳይወስዱባቸው» አለችኝ።

አጎቷ ጋሽ ቱፋ ላፍቶ ተወልደው ላፍቶ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ከእርሻቸው የቀረቻቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለችው የግጦሽ መስክ ብቻ ናት። ወተታቸውን ሸጠው የሚኖሩባቸው አራት ላሞች የሚውሉት እዚያው ነው። ረቡዕ ዕለት ሰው ልከውብኝ ነበር። «አሜሪካኖች መስክህ ላይ ሙዚቃ እንጫወት ይሉኛል። አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ ና፣ ምን እንደሚያስቡ ስማልኝ።»

እስቲ ይታያችሁ፣ አንባቢዎቼ! በሐምሌ፣ ሜዳ ላይ፣ ሙዚቃ! ያውም በነፃ! ደርግ ከወረደ ወዲህ ብዙ ጉድ አይተናል፤ ይሄ ግን ጤናማ ነገር አልመሰለኝም።

1 ሰዓት ተኩል፣ ከሜክሲኮ ወደ ብስራተ ገብርኤል

ታክሲው መስኮቱ አይዘጋም። ግራ ትከሻዬ በስብሷል። ሹፌሩ ወሬ ይወዳል፤ የምሄድበትን ብነግረው በመስታወቱ አይቶኝ ሳቀ።

«በዚህ ዝናብ? ስማኝ ወንድሜ፣ ፈረንጅ ሜዳ ከወደደ ሜዳው ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

«ምን ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቄ! ውሃም ይሁን ወርቅ።»

ከኋላ የተቀመጡ ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ፣ «ምን ወርቅ! መሬቱን ነው እንጂ» ብለው ወሬውን ዘጉት።

ብስራተ ገብርኤል ወርጄ ትኩስ ፓስቲ በስሙኒ፣ ሻይ በሠላሳ ሳንቲም። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ስለሆነ ጋሪ ያዝኩ፤ ሁለት ብር። ፈረሱ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። በግራም በቀኝም የድንጋይ ክምር፣ አሸዋ፣ ያላለቀ ፎቅ፣ በመሃል ደግሞ አዲስ የተዘራ ጤፍ።

«አምና ይሄ ሁሉ እርሻ ነበር» አለኝ ባለጋሪው በአለንጋው ወደ አንድ የቆርቆሮ አጥር እያመለከተ። «መጀመሪያ ሜትር ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ችካል። ከዚያ አጥር።»

3 ሰዓት ተኩል፣ ላፍቶ

ስደርስ ሜትር ተይዟል! ዴቪድ የሚባል፣ ሰፈሩ አጠገብ የሚያስተምር ቀይ ጢማም አሜሪካዊ ከሌላ ፈረንጅ ጋር ሆኖ ሣሩን ይለካል። ችካል መትተው ነጭ ሲባጎ ወጥረዋል። ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲባጎውን አፍጥጠው ያያሉ።

«አየህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለምን እሺ አሉ ታዲያ?»

«ይሄ ጢማሙ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወተት ይገዛኛል። ደንበኛን ፊት ለፊት እምቢ ይሉታል? እሺ አልኩ፤ ይኸው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

ዴቪድን ለብቻው ያዝኩት። ለምንድን ነው የምትለካው? ለድምፅ ማጉያው ገመድ ነው፣ ሲባጎውም ሰው እንዳይረግጠው ነው አለኝ። ለምን እዚህ? ሙዚቃው የአያቶቻቸው የገጠር ሙዚቃ ስለሆነ፣ አገራቸው በበጋ ሰው ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው።

«አሁን እኮ እኛ አገር በጋ ነው» አለ።

«እዚህ ግን ክረምት ነው።»

«አየሁት» አለ፣ ከጢሙ ላይ ውሃውን እየጠረገ።

መልሱ ሁሉ ልክ ነው። ይሄው ነው የበለጠ ያሳሰበኝ። መልስ አጥንቶ የመጣ ሰው ያስፈራኛል።

አራት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ፈረንጆቹ መሣሪያዎቻቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው ሲሯሯጡ ጋሽ ቱፋ አላስቻላቸውም። ጠርጣራ ቢሆኑም እንግዳ በደጃቸው ሲበሰብስ ቆመው አያዩም። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው። ከፍተው ትልቁን የሸራ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮቹን አወጡ፤ ጎረቤት ተረዳድቶ አቆመው።

7 ሰዓት፣ ድንኳኑ ውስጥ

ሙዚቃው ተጀመረ። አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ሰው የሚያክል ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ይዘዋል። አራተኛው የያዘው ባንጆ ይባላል፤ ሆዱ ክብ ሆኖ እንደ አታሞ ቆዳ ተወጥሮበታል። እውነቱን ልናገር፣ ጣታቸው ይናገራል። ቫዮሊኑ አንዳንዴ መሲንቆ መሲንቆ ይለኛል። ግን የገበሬ ሙዚቃ ነው እያሉ የአራቱም እጅ የጸሐፊ እጅ ነው። ይህንንም መዘገብኩ። አድማጩ አሥራ አንድ ሰው ነው። ላሞቹን ከቆጠርን አሥራ አምስት።

ወዲያው ግን ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ ሰፌድ ሙሉ ንፍሮ ይዛ ገባች። ባንጆ መቺው ዘግኖ በላና አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ክው አልኩ! በሐምሌ ሰርግ የለ። የዕድር ድንኳን በሰው ደጅ ከቆመ፣ ያ ቤት ሰው ሞቶበታል።

ሮጬ ድንኳኑ ጀርባ ገመድ የሚያጠብቁት ጋሽ ቱፋ ዘንድ ስደርስ፣ ከፉሪ በኩል የአንዲት ሴት ጩኸት መጣ።

«ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ቱፋ!»

እህታቸው እትዬ በቀለች ናቸው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ፉሪ በኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት። የዛሬ ሦስት ዓመት ከመስኩ ጥግ አንዲት ክፍል ልሥራ ቢሉ ጋሽ ቱፋ፣ «ዛሬ ጥጉን፣ ነገ መሃሉን» ብለው ከለከሏቸው። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀርተዋል።

«ይውጡላቸው እንጂ!» አልኩ።

ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ቆይ። ለእኔ ይሁን ለመስኩ የምታለቅሰው ልስማት።»

«ጋሽ ቱፋ፣ ነውር ነው!»

«ዝም በል አልኩህ!»

በሸራው ቀዳዳ አየን። እትዬ በቀለች ደረታቸውን እየመቱ ሙሾውን ያወርዱታል። ወንዝ ሞልቶ ወንድማቸው በጀርባው ያሻገራቸውን አነሱ። ለባላቸው ተዝካር በሬውን የሸጠውን አነሱ። ቫዮሊን መቺው ምን እንደሆነ ባይገባውም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዜማውን አዝግሞ፣ ድምፃቸውን ተከተለ። እኔም የመስኩን ነገር መቼ ያነሱት ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። አላነሱትም። ጋሽ ቱፋ ክንዴን ለቀቁ። ፊታቸውን ሳይ አፈርኩ።

ጋሽ ቱፋ ብቅ ሲሉ፣ «እግዚኦ!» ብሎ ግማሹ ለቀስተኛ ከድንኳኑ ወጣ። እትዬ በቀለች የወንድማቸውን ፊት ዳበሱ። ከዚያ ደረታቸውን በጡጫ መቱት። ከዚያ ችካሉንና ሲባጎውን አዩ፤ እንባቸው ቀጥ አለ።

«ለእኔ የነፈግከኝን ለፈረንጅ ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁም! ሙዚቃ ሊጫወቱ ነው።»

«ሙዚቃ? በሐምሌ?»

12 ሰዓት ከሩብ፣ ወደ ከተማ በሚመለስ ታክሲ ውስጥ

ጉልበቴ እርጥብ ነው፤ የቀረውን እዚሁ ልጻፈው። አሜሪካውያኑ አሥር ሰዓት ላይ ችካላቸውን ነቅለው፣ ሲባጎአቸውን ጠቅልለው፣ ንፍሮውን አመስግነው ሄዱ። ዞሬ ዞሬ ፈለግኩ፤ የቀረ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ የተጠራጠርኩት በከንቱ ነበር።

ጋሽ ቱፋ ለቀስተኛው ሳይበተን እህታቸውን ወደ መስኩ መሩ።

«የላይኛውን ጥግ ያዥ። ቤትሽን ሥሪበት።»

«ነገ ብትክደኝስ?»

ጋሽ ቱፋ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ለእኔ ለቅሶ የመጣችሁ ሁሉ! በቁሜ ስናዘዝ ምስክር ሁኑኝ!» ሰዉ ሁሉ እየሳቀ «እንሆናለን!» አለ።

እትዬ በቀለች ግን አልሳቁም።

«ጥጉስ ይሁን፣ ተቀብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መሞትህን ከመንገደኛ ሰማሁ። ስሮጥ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሞትህ አይደለም። 'በቀለች አትጠራ ብሎ ተናዞ ይሆን?' እያልኩ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው የእህታቸውን የተዘቀዘቀ ነጠላ አነሱና፣ ጥለቱን አስተካክለው መልሰው አለበሷቸው።