የስንብት ጋቢ

ሐይቅ ከተማ ባለው የባንክ ቅርንጫፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ሲለቅ መዋጮ የምሰበስበውም እኔ ነበርኩ። ልማዳችን ነው፤ ለሚሄደው ሁሉ ጋቢ ገዝተን እናለብሰዋለን፣ እንመርቀዋለን፣ በማግስቱ ሥራውን የቀረነው እንከፋፈላለን። አንዳንድ ዓመት ደመወዜ ላይ ከተጨመረልኝ ይልቅ ለጋቢ ያዋጣሁት ሳይበልጥ አይቀርም።

አንድ ወጣት አዲስ ተቀጥሮ መጣ፤ እሱን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ብሩን ደጋግሞ እየቆጠረ፣ ከአምባሰል የመጡ ገበሬዎች ቆመው ሲያጉረመርሙበት፣ ወረፋውን ወደ እኔ እወስድለት ነበር። "እታለም" ይለኛል። በሦስተኛ ዓመቱ ደሴ ያለ ሌላ ባንክ ጠራውና ሄደ። ጋቢውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ቀይ ጥለት ያለውን ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ሳለብሰው አለቀስኩ።

ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ። ባንካችን ልምድ ያለው ሠራተኛ ሲፈልግ ያገኘው እሱን ነው። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወንድሙ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና ዋስ አስፈለገው፤ እሱ ሊሆነው ተነሣ። ዋስ የሚሆን ሰው ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያጽፋል፤ የቅርንጫፋችንን ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ሰጠኝና "ቶሎ ጻፊለት" አለኝ። ስሙን ጻፍኩ። የሥራ መደቡን ጻፍኩ፤ የኔው መደብ ነው። ደመወዙ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከኔ በሲሶ ይበልጣል። ስህተት መስሎኝ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። አዲሱን ጫማውን አየሁበት፣ ሳቁ እንኳ ከበፊቱ የጮኸ መሰለኝ። ከእስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው የሚመጡ አንድ አባ አሉ፤ የቁጠባ ደብተራቸውን ከኔ በቀር ለማንም ሰጥተው አያውቁም ነበር። እሳቸው በሱ መስኮት የተስተናገዱ ዕለት ደንበኛው ሁሉ ላይ ስቆጣ ዋልኩ። በከተማችን ባጃጆች ጀርባ ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ይለጠፋል፤ በዚያ ሰሞን ጽሑፉን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። የሚያናድደው ደግሞ እሱ ምንም አላጠፋም።

አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ "ምነው እታለም፣ ፊትሽ ጠቆረብኝሳ?" አለኝ።

"የዋስትና ደብዳቤህን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እኔኮ የደሴውን ደመወዜን ብቻ ነው የነገርኋቸው፤ ጨምረው ሰጡኝ። አንችም ወጣ ብለሽ ግቢ አቦ፤ የተቀመጠ ሰው አይታያቸውም።"

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሲቆረጥ ዝም ብዬ አይቻለሁ።

ደመወዜ እንዲስተካከል ልጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። "እሱ የዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ታገሺ" አለኝ። ታገስኩ። በስድስተኛው ወር ውጫሌ ያለ ሌላ ባንክ ማስታወቂያ አወጣ፤ ተወዳደርኩ፣ አለፍኩ፣ መልቀቂያዬን አስገባሁ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ መስኮቴ ድረስ መጣ። "ተፈቅዶልሻል፤ ከሱ ጋር እኩል።" ለስድስት ወር ያልተቻለው በሦስት ቀን ተቻለ። ሲሰጡኝ ሳይሆን እስከዛሬ የወሰዱብኝን ሲነግሩኝ ነው የመሰለኝ። ለቀቅኩ።

ለኔ መዋጮ እንዳይሰበሰብ ለምኜ ነበር። እሱ ግን በስንብቴ ቀን ጋቢ በፌስታል ይዞ መጣ፤ ቀይ ጥለቱን ሳይ አወቅኩት። አዲስነቱን እንኳ አልለቀቀም። "ከተመለስሁ ወዲያ መልበሱን አፈርሁ" አለኝና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው። ሳምኩት። ቅናቱ ግን ያን ቀንም አልለቀቀኝም።

ውጫሌ የመጀመሪያ ቀኔን አጠገቤ የምትሠራው ሴት ሥራውን ስታሳየኝ ዋለች። ደግ ናት፤ ወረፋው ሲረዝምብኝ ግማሹን ወደ መስኮቷ ጠራችልኝ። እዚያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምሳ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በስንት አስገቡሽ እህቴ?" አለችኝ።

"የቅጥር ደብዳቤዬ ገና አልደረሰኝም" አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ለፋይል ጠየቀኝ። ሰጠሁት። እሱም ዞር ብሎ ለሷ ሰጣት፤ የሠራተኛ ፋይል የምትይዘው እሷ ኖራለች። ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ስሜ ጋ ጣቷ አለፈ፣ መደቤ ጋ አለፈ፣ ከዚያ ቆመ።