ጋሼ ፍሬን ኮሌጅ ገቡ

ሰልጣኞቻቸው ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» ይሏቸዋል። የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ናቸው፤ እሳቸው በሚቀመጡበት በኩል ተጨማሪ ፍሬን የተገጠመላት አሮጌ ነጭ መኪና አለቻቸው። ስልሳን እየተጠጉ ነው፤ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያሳለፉት መሪ ከጨበጠ ፈሪ ሰው ጎን ተቀምጠው ነው። ማርሽ ቀይሪ በተባለች ቁጥር ዓይኗን የምትጨፍን ሙሽራ፣ ቢሮ ውስጥ ሠራተኛ የሚርድለት መኪና ውስጥ ግን ላብ በላብ የሚሆን ሥራ አስኪያጅ፣ ያላዩት የለም። መድኃኒታቸው «አይዞህ፣ ቀስ» ነው። ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። ለምን? ይህቺ ጥያቄ እንቅልፍ አትነሳቸውም እንጂ ለቅቃቸውም አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት የሚያሰለጥኗቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ መኪናው ግቢ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ማየት ሰልችቷቸው ነው መንዳት የጀመሩት። አደባባዩ መሃል ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። ሴትየዋ መሪውን ለቀው አለቀሱ። ጋሼ ፍሬን ፍሬቻውን አበሩ።

«ስንቱን ምጥ ያየሁ ሰው በዚህ ቆርቆሮ ላልቅስ?» አሉ አዋላጇ።

«ያልቅሱ፤ አደባባዩ የትም አይሄድም።»

አዋላጇ በእንባቸው መሃል ሳቁ። «እርስዎ ግን የሚፈሩት ነገር የለም?»

«ክፍል ገብቶ መማር» አሉ ጋሼ ፍሬን፣ ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸውም ገርሟቸው። አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሰው ነበር። ያን ጊዜ አባታቸው አልጋ ያዙና የጭነት መኪና መሪ ጨበጡ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራቸው ባለው ኮሌጅ በር ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ምን ይማሩ ነበር?»

«ሰው ለምን እንደሚፈራ።»

«እሱማ ሳይኮሎጂ ነው፤ በማታም ያስተምሩታል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሪ ከጨበጥኩ፣ እርስዎ እስክሪብቶ ሊያቅትዎት ነው?» አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ማታ ገበታ ላይ ነገሩን አነሱት። ባለቤታቸው ፀጉር ቤት አላቸው፤ ስንት ወሬ ሲያበጥሩ የሚውሉ ሴት ናቸው።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሉ ጋሼ ፍሬን።

«ሰው ብትማርም ያማል፣ ባትማርም ያማል። እኔ የምፈራው ጀምረህ ትተኸው እንዳታኮርፍ ነው። ኩርፊያህን የምችለው እኔ ነኝ።»

እዚያው ኮሌጅ በቀን የምትማረው ልጃቸው ቀና አላለችም። በኋላ ዕቃ ሲያጥቡ ግን ተጠጋቻቸውና፣ «አባዬ፣ ግቢ ውስጥ ካየኸኝ በቁልምጫ እንዳትጠራኝ፣ እሺ?» አለች።

ነገሩ ትንሽ ቆነጠጣቸው። «አላውቅሽም ልበል?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«እንግዲያው ግማሽ በግማሽ አውቅሻለሁ» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ያም ሆኖ እግራቸው እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ፤ አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በጎማ አመካኝተው። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል አዋላጇ ፈተናቸውን አልፈው፣ የራሳቸውን መኪና እየነዱ ደጃፋቸው ድረስ መጡና አጣመው አቆሙ። «ይግቡ፣ ላድርስዎት» አሉ። ጋሼ ፍሬን መንገዱን ሙሉ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲፈልግ ደረሱ። አደባባዩን ሲያልፉ ግን ስለ መንዳቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል፣ «የልጅዎ ስም ማን ይባላል?» አለቻቸው።

«ልጁ እኔው ነኝ» አሉ። ወጣቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ጣላቸው። እንደተፈራውም አኮረፉ፤ መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ ወርውረው እህል አልቀምስ አሉ። ባለቤታቸው ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘግተው መጡ፣ መጽሐፉን አወረዱና ጥያቄ እያነበቡ ይጠይቋቸው ጀመር። ልጅቷም ረጅሙን ምዕራፍ እንዴት አሳጥረው እንደሚይዙ አሳየቻቸው። ሁለተኛውን ፈተና አለፉ፤ በጭንቅ ቢሆንም አለፉ። ስለ ፍርሃት በተማሩ ማግስት ደግሞ መምህሩን ለብቻ ይዘው ያችን የቆየች ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «ከፊሉን እናውቃለን፤ ከፊሉን ገና እየፈለግን ነው» አላቸው። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ የማላውቀው» ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ናቸው። ቀን መኪናዋ ላይ ይውላሉ፣ ማታ ክፍል ይገባሉ። ልጃቸው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጓደኞቿ «አባቴ ነው፤ ማስታወሻ ከፈለጋችሁ ከእሱ ውሰዱ፣ ጽሕፈቱ ይነበባል» ብላ አስተዋወቀቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባትና ልጅ የምግብ ጠረጴዛውን በመጽሐፍ ያጥለቀልቁታል። ባለቤታቸው ሳህን ማስቀመጫ ያጡና፣ «ከሁለት ተማሪ ጋር የምትኖር ሴት ቆማ ትብላ እንግዲህ» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ያለበትን ወንበር ግን ሁልጊዜ ለባላቸው ይተዉላቸዋል።